አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲጻፍ፦ በጃቫ ቋንቋ የእኩልነትና የሀሽ አሠራር ድግግሞሽን በማስወገድ ሥራ ላይ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ መራዊ ከተማ ይደርሳል። በዚያው አካባቢ የቆጋ ወንዝ ተገድቦ፣ ወደ 7,000 ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት በመስኖ እንዲለማ የተሠራው ግድብና የቦይ መረብ ይገኛል። በመስኖ አገር ውኃ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ የሚደርሰው በተራ ነው። ተራ ባለበት ዘንድ መዝገብ አለ፤ መዝገብ ባለበትም ስም አለ፤ ስም ባለበት ደግሞ ያንኑ ስም ሁለት ጊዜ የመጻፍ ስሕተት አይጠፋም።

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ስሙ የሚሰፍርበት መዝገብ አንድ ብቻ አይደለም። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የተቋቋመ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ካለ የአባላቱ ዝርዝር አለ፤ የማዳበሪያ ፍላጎት የሚሰበሰብበት ቅጽ አለ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባልነት አለ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም የፋይዳ ቁጥር ተጨምሯል። እነዚህን ዝርዝሮች ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር የሚያዛውር፣ ከዚያም አንዱን ከሌላው ጋር የሚያስተያይ ባለሙያ መጀመሪያ የሚደርሰው ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ድግግሞሹን አውጣ»። ትእዛዙ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ የሸሸገው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሁለት ጽሑፎች አንድ ናቸው የሚባለው መቼ ነው የሚለው ነው። የዛሬው ንግግር ርእስም ይኸው ጥያቄ ነው።

ስሕተቱ በሁለት አቅጣጫ ይመጣል። በአንድ በኩል አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፤ ይህ ሲሆን ለአንድ ማሳ የሁለት ማሳ ማዳበሪያ ይጠየቃል፤ ለአንድ አባወራ ሁለት የውኃ ተራ ይያዛል፤ ሪፖርቱም ከእውነቱ ይበልጣል። በሌላ በኩል ሁለት ሰዎች አንድ ተደርገው ይወሰዳሉ፤ ከሁለቱም አንዱ ከዝርዝሩ ይጠፋል። የመጀመሪያው ስሕተት ገንዘብና ጆንያ ያባክናል፤ ቆጠራ ሲደረግ ግን ይታያል። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ የጠፋው ሰው መጥፋቱን የሚያውቀው የተራው ቀን ደርሶ ቦዩ ሳይከፈትለት ሲቀር ነውና። በዝርዝሩ ላይም ጉድለቱ አይታይም፤ የሌለ መስመር ዐይን አይስብም። እንዲህ ሆኖ ሳለ ድግግሞሽ የሚያወጣ ፕሮግራም በብዙ ቦታ የሚመዘነው ስንት ድግግሞሽ እንዳወጣ ብቻ ነው፤ ስንት ሰው በስሕተት እንዳጠፋ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ለሕዝብ የቀረበው የጃቫ ቋንቋ ለእኩልነት ጥያቄ ሁለት መልስ ያዘጋጃል። አንደኛው በድርብ የእኩል ምልክት የሚጠየቀው ነው፤ የሚመልሰውም ሁለቱ መጠሪያዎች በኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለውን ያንኑ አንድ ኦብጀክት ያመለክቱ እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው ኢኩዋልስ በተባለው ሜተድ የሚጠየቀው ነው፤ ይህ ደግሞ ይዘታቸው በባለሙያው ፍርድ እኩል መሆን አለመሆኑን ይመልሳል። ሁለት የአሥር ብር ኖቶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በገበያ እኩል ናቸው፤ በኪስ ውስጥ ግን ሁለት ናቸው። ገበያተኛውና የባንክ ቤት ገንዘብ ቆጣሪው ስለ እነዚህ ኖቶች የተለያየ መልስ ቢሰጡ አንዳቸውም አልተሳሳቱም፤ የተጠየቁት ጥያቄ ሁለት ነው።

አዲስ ክላስ የጻፈ ባለሙያ ስለ እኩልነት አንዳች ነገር ካልደነገገ ጃቫ ኢኩዋልስንም ቢሆን እንደ መጀመሪያው ጥያቄ አድርጎ ይመልሳል። የገበሬውን ስም፣ የአባቱንና የአያቱን ስም የያዙ ሁለት ኦብጀክቶች ከሁለት ፋይል ቢነበቡ፣ ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት ቢሆኑም እንኳ፣ ጃቫ ሁለት ናቸው ይላል። ቋንቋው ገበሬ ማለት ምን እንደ ሆነ አያውቅምና የተለየ ፍርድ ሊጠበቅበት አይገባም። ጀማሪዎች «ሀሽሴት ውስጥ ከተትሁት፤ ድግግሞሹ ግን አልወጣም» እያሉ የሚያማርሩት በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ ሀሽ ለምን እንዳስፈለገ መናገር ተገቢ ነው። ድግግሞሽን ለማግኘት እያንዳንዱን መስመር ከእያንዳንዱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ነገር ግን 10,000 መስመር ያለው መዝገብ በዚህ መንገድ 49,995,000 ጊዜ ማስተያየትን ይጠይቃል። የድሮው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ነበረው፤ ፋይሎቹን በስም መጀመሪያ ፊደል በየመሳቢያው ይከፋፍልና አዲስ ፋይል ሲመጣለት አንዱን መሳቢያ ብቻ ስቦ ያያል። የሀሽ አሠራርም ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1953 በአይቢኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሐንስ ፒተር ሉን ባቀረበው የውስጥ ማስታወሻ ላይ ሐሳቡ ተጽፎ ይገኛል፤ ይዘቱ በስሌት ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ቁጥሩም የትኛውን መሳቢያ መክፈት እንደሚገባ ይናገራል።

በጃቫ ይህን ቁጥር የሚያወጣው ሀሽኮድ የተባለው ሜተድ ነው። ለጽሑፍ ስሌቱ የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል የዩኒኮድ ቁጥር በ31 ይባዛል፤ የሚቀጥለው ፊደል ይደመርበታል፤ ድምሩ እንደ ገና በ31 ይባዛል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ፊደል ይዘልቃል። የፊደላችንን ቁጥር ይዞ ይህን በእርሳስ መሥራት ይቻላል። በዓይኑ «ዓ» የተጻፈው «ዓለም» የሚል ስም 4,778,792 ይሆናል። በአልፋው «አ» የተጻፈው «አለም» ደግሞ 4,729,781 ይሆናል። ሀሽሴት ሲጀምር 16 መሳቢያዎች አሉት፤ ከ0 እስከ 15 ሲቆጠሩ የመጀመሪያው ጽሑፍ መሳቢያ 0 ውስጥ፣ ሁለተኛው መሳቢያ 13 ውስጥ ይገባል። ለመራዊ ነዋሪ አንድ የሆነው ስም ለኮምፒዩተሩ ከክፍሉ ወዲህና ወዲያ ጫፍ የተቀመጡ ሁለት እንግዶች ናቸው፤ ተገናኝተው እንኳ አይተያዩም።

የዚህ ተቃራኒም ያጋጥማል። «ወሬ» የሚለው ቃል በዚሁ ስሌት 153,700 ይሆናል። ብዙ ጸሐፊዎች በ«ዉ» የሚጽፉት «ዉል» የሚለው ቃልም እንዲሁ 153,700 ይሆናል። ወሬና ዉል አንድ መሳቢያ መግባታቸው የሚያስፈግግ ቢሆንም ጉዳት የለውም። ቁጥሩ ለፍለጋ የሚረዳ ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ኢኩዋልስ ተጠይቆ «የተለያዩ ናቸው» ይላል፤ ሁለቱም በመዝገቡ ይኖራሉ። እንግዲህ ሕጉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያስገድዳል፤ እኩል የሆኑ ሁሉ አንድ ዓይነት የሀሽ ቁጥር ሊኖራቸው ግድ ነው፤ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁሉ ግን እኩል ይሆኑ ዘንድ ግድ አይደለም።

ይህን ሕግ የሚጥሰው ዋናው ስሕተት ኢኩዋልስን ጽፎ ሀሽኮድን መርሳት ነው። ባለሙያው ሁለት ገበሬዎች በስም፣ በአባትና በአያት ስም ከተስማሙ እኩል ናቸው ብሎ ይደነግጋል፤ የሀሽ ቁጥሩን ግን ከይዘቱ ጋር ለማይገናኘው ለነባሩ አሠራር ይተወዋል። ከዚያ በኋላ አንዱን ከአንዱ በቀጥታ ሲያስተያይ ፕሮግራሙ «እኩል ናቸው» ይለዋል፤ ሀሽሴት ውስጥ ሲከታቸው ደግሞ ሁለት ሆነው ያገኛቸዋል። ሁለቱ በአጋጣሚ አንድ መሳቢያ ውስጥ ቢወድቁ እንኳ አይድንም፤ ሀሽሴት ኢኩዋልስን ከመጠየቁ በፊት ሙሉውን የሀሽ ቁጥር ያስተያያልና። የዚህ ስሕተት ክፋቱ በትንሽ ሙከራ የማይጋለጥ መሆኑ ነው፤ ኢኩዋልስን የሚፈትነው ሙከራ ያልፋል፤ ሪፖርቱ ግን ይሳሳታል። ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ሌላው ስሕተት ኢኩዋልስን ኦብጀክት የሚቀበል አድርጎ በመጻፍ ፈንታ ገበሬ የሚባለውን ክላስ ብቻ የሚቀበል አድርጎ መጻፍ ነው። ይህ አዲስ ሜተድ ይሆናል እንጂ የነባሩን ቦታ አይተካም። ኦቨራይድ የሚለውን ምልክት ከላዩ የማስቀመጥ ልማድ ያለው ሰው በዚህ አይያዝም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ፣ ከጃቫ 16 ጀምሮ፣ ሬኮርድ የሚባለው አጻጻፍ ሁለቱንም ሜተዶች ራሱ ስለሚያዘጋጅ ብዙውን ድካም አቃሏል፤ ፍርዱን ግን አያቀርም፤ ወደፊት እንደሚታየው።

ሌላው ስውር ጉዳት የሚመጣው በመሳቢያ ውስጥ ያለ መዝገብ ሲታረም ነው። የሀሽ ቁጥሩን ከስሙ የሚያወጣ ኦብጀክት «አለም» ተብሎ መሳቢያ 13 ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ ሠራተኛው ባለቤቱን ጠይቆ «ዓለም» ብሎ በዚያው ኦብጀክት ላይ ያርማል ተብሎ ይታሰብ። እርማቱ ትክክል ነው። ኦብጀክቱ ግን ከመሳቢያ 13 አይነቃነቅም፤ ፈላጊው ደግሞ «ዓለም» ብሎ መሳቢያ 0ን ይከፍታል፤ ባዶ ያገኛል። ስሙ በመዝገቡ እያለ የለም ይባላል፤ ሌላ «ዓለም» ሲመጣም እንደ አዲስ ይመዘገባል። ስለዚህ የእኩልነት መለኪያ የሆነ ነገር ከገባ በኋላ እንዳይለወጥ ማድረግ፣ መታረም ካለበትም አውጥቶ፣ አርሞ፣ መልሶ ማስገባት ያስፈልጋል።

እስካሁን የተባለው በየትኛውም አገር ለሚሠራ የጃቫ ባለሙያ የሚጠቅም ነው። የእኛ አገር መዝገብ የራሱ ችግር የሚጀምረው ከሞክሼ ፊደላት ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም ሲነበብ አንድ ነው። ሲጻፍ ግን የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ «ሰ»ዎችም እያንዳንዳቸው በንጉሡ «ሠ» ወይም በእሳቱ «ሰ» ሊጻፉ ይችላሉ፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ክፍተት ይኖራል ወይም አይኖርም። ሲባዛ 48 አጻጻፍ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ 48 ሰው ያያል። «ምዕራብ ጎጃም» የሚለው የቦታ ስም እንኳ በ«ዕ» ወይም በ«እ»፣ በ«ጎ» ወይም በ«ጐ» እየተጻፈ አራት ይሆናል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሞክሼ የየራሱ ቁጥር መሰጠቱ ትክክል ነበር፤ ፊደሎቹ ልዩ ልዩ ናቸውና። ነገር ግን ከዚህ የተነሣ ጃቫ የሚያቀርበው የዩኒኮድ ጽሑፍ ማስተካከያ መሣሪያ ሞክሼዎችን አንድ አያደርግም። ያን የማድረግ ኀላፊነት በባለሙያው ላይ ይወድቃል።

መፍትሔው ከሁለት አንዱ ይመስላል፤ ስሞቹን ሁሉ ወደ አንድ አጻጻፍ ለውጦ ማስቀመጥ፣ ወይም እንደ ተጻፉ ትቶ ለማስተያያ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቁልፍ ማዘጋጀት። የመጀመሪያው አይመከርም። ሰው ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ የሚወስነው ራሱ ነው፤ ደብተሩ ላይ የታተመው ስም ለመዝጋቢው ምቾት ሲባል ሊቀየር አይገባም። ከዚህም በላይ ሞክሼዎችን መጨፍለቅ ትርጉምን የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። «ድኅነት» መዳን ሲሆን «ድህነት» ማጣት ነው። በሰው ስም መዝገብ ላይ ይህ ብዙ አያሰጋም ይሆናል፤ አንድ ጊዜ የተለወጠ ጽሑፍ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለዚህ የተጻፈው ስም በአንድ ዓምድ ሳይነካ ይቀመጥ፤ በሌላ ዓምድ ሞክሼዎቹ ወደ አንድ የተመለሱበት፣ ክፍተቱና ሁለት ነጥቡ የወጣበት፣ «ጐ» ወደ «ጎ»፣ «ዉ» ወደ «ው» የተቃናበት ቁልፍ ይዘጋጅ። ኢኩዋልስና ሀሽኮድ ሁለቱም ቁልፉን ብቻ ይመልከቱ። አንዱ ቁልፉን፣ ሌላው የተጻፈውን ስም የሚመለከቱ ከሆነ ከላይ የተነገረው የሕግ መጣስ ተመልሶ ይመጣል። ሬኮርድ የሚጠቀም ባለሙያም ይህን ልብ ማለት አለበት፤ ሬኮርድ ሁሉንም ዓምድ በእኩልነት ፍርድ ውስጥ ስለሚያስገባ የተጻፈው ስም በውስጡ ካለ «ዓለም»ና «አለም» እንደ ገና ይለያያሉ።

የቦታ ስምም የራሱ ወግ አለው። በመራዊ ዙሪያ ያለው ወረዳ ቀድሞ ሜጫ ይባል ነበር፤ በኋላ ሰሜንና ደቡብ ሜጫ ተብሎ ተከፍሏል፤ ስለዚህ የአሮጌው መዝገብ «ሜጫ»ና የአዲሱ «ሰሜን ሜጫ» አንድን ቀበሌ ሊያመለክቱ ይችላሉ። በዚያው ጎዳና ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም ሲወረድ የምትገኘው እንጅባራ ኮሶበርም ትባላለች። ይህን ፊደል በማቃናት ማስተካከል አይቻልም፤ ሠንጠረዥ ይፈልጋል፤ ሠንጠረዡንም የሚሞላው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ቁጥር ከፊደል የተሻለ ይታመናል የሚል አስተያየት አለ። በአካባቢው አነጋገር ሁለት ቃዳ የሚባለው ግማሽ ሄክታር በአንዱ ቅጽ 0.5፣ በሌላው 0.50 ተብሎ ይጻፋል። ጃቫ ለትክክለኛ የነጥብ ቁጥር የሚያቀርበው ቢግ ዴሲማል እነዚህን ሁለቱን እኩል አይላቸውም፤ የመጀመሪያው የሀሽ ቁጥር 156፣ የሁለተኛው 1,552 ነው። ኮምፔርቱ በተባለው ሜተድ ሲጠየቅ ግን ያው ቢግ ዴሲማል «አይበላለጡም» ይላል። ከዚህ የተነሣ ያንኑ ዝርዝር ሀሽሴት ውስጥ የከተተ ሁለት፣ ኮምፔርቱን የሚከተለው ትሪሴት ውስጥ የከተተ አንድ ያገኛል። ሁለት ባለሙያዎች ከአንድ ፋይል የተለያየ ድምር ይዘው ቢቀርቡና አንዱ ሌላውን ቢጠራጠር የሚያስገርም አይሆንም። ከመጨረሻ ያሉትን ዜሮዎች አስቀድሞ ማውጣት ይህን ይፈታል። የቀን ጉዳይም ከዚህ አይለይም። መስከረም 1 ቀን 1990 ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1997 አንድ ቀን ናቸው፤ በጽሑፍ ከተቀመጡ ግን ማንም ፕሮግራም አንድ አይላቸውም። መዝገቡ በአንድ አቆጣጠር ይቀመጥ፤ የሚታየው በሌላው ይሁን።

ከቁጥሩ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የባልና ሚስት ጉዳይ ነው። በአማራ ክልል የጋራ የሆነ የመሬት ይዞታ በባልና በሚስት ስም ይመዘገባል። አንዱ መዝጋቢ ባልን አስቀድሞ፣ ሌላው ሚስትን አስቀድሞ ይጽፋል። ባለሙያው ሁለቱን ስሞች ሊስት በሚባለው ቅደም ተከተል በሚጠብቅ ዝርዝር ካስቀመጠ ጃቫ ሁለት ይዞታ ያያል፤ ለሊስት ቅደም ተከተል የእኩልነት አካል ነውና። ቅደም ተከተል የማይቆጥረው «ሴት» የሚባለው ስብስብ ግን የሀሽ ቁጥሩን የሚያገኘው የአባላቱን ቁጥሮች በመደመር ስለ ሆነ፣ ማንም ቢቀድም ድምሩ አይለወጥም፤ ይዞታውም አንድ ሆኖ ይቀራል። (የጃቫው «ሴት» ከአማርኛው ሴት ጋር ዝምድና የለውም፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ሚስቲቱን ከጠቀሙት ነገሮች አንዱ ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ችግር መድረስ ይገባል። በመዝገብ ላይ «ተ/ማርያም» ተብሎ የተጻፈ ስም ብዙ ጊዜ ይገኛል። ይህ «ተክለ ማርያም» ሊሆን ይችላል። «ተስፋ ማርያም»ም ሊሆን ይችላል። ድግግሞሽን አጥብቆ ለማውጣት የፈለገ ባለሙያ አሕጽሮቱ ከሁለቱም ጋር እኩል ነው ብሎ ቢደነግግ፣ «ተክለ ማርያም» ከ«ተ/ማርያም» ጋር እኩል ሆነ፤ «ተ/ማርያም»ም ከ«ተስፋ ማርያም» ጋር እኩል ሆነ፤ እንግዲህ «ተክለ ማርያም»ና «ተስፋ ማርያም» እኩል ናቸው ማለት ነው፤ ግን አይደሉም። የጃቫ ሕግ አንዱ ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ጋር እኩል ከሆነ አንዱ ከሦስተኛው ጋር እኩል እንዲሆን ያዝዛል። ይህን የማያሟላ ድንጋጌ በኢኩዋልስ ውስጥ ሲገባ ውጤቱ በፋይሉ ቅደም ተከተል ይወሰናል። «ተ/ማርያም» አስቀድሞ የተነበበ እንደ ሆነ ሁለቱ ሙሉ ስሞች በእርሱ ተውጠው አንድ ሰው ይቀራል፤ ሙሉዎቹ አስቀድመው የተነበቡ እንደ ሆነ ሁለት ሰው ይቀራል። ይህም የሚሆነው የሀሽ ቁጥራቸው አንድ እንዲሆን ከተደረገ ነው፤ ካልተደረገ ውጤቱ ከዚህም የባሰ አይታወቅም። የገበሬ የውኃ ተራ ፋይሉ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደ ተነበበ የሚወሰን መሆኑን አንድም የጥናት ወረቀት አያጸድቀውም።

በሁለት ስሞች መካከል የሚለያዩትን ፊደሎች ቆጥሮ «ከአንድ ፊደል በላይ ካልተለያዩ እኩል ናቸው» የሚለው ዘዴም በዚሁ ምክንያት ኢኩዋልስ ሊሆን አይችልም። መመሳሰል ጠቃሚ ነው፤ እኩልነት ግን አይደለም። ባዶ ዓምድም እንዲሁ ያሳስታል። የአያት ስም ያልተሞላላቸው ሁለት መዝገቦች በባዶነታቸው ይስማማሉ፤ ጃቫ ሁለት ባዶዎችን እኩል ይላቸዋል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን በስምና በአባት ስም ብቻ የሚገናኙ ሁለት ሰዎችን በአንድ ቀበሌ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ያልታወቀ ነገር ለአንድነት ማስረጃ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

በአገር ደረጃ ይህ ጥያቄ እንዴት እንደ ተያዘ ፋይዳ ጥሩ ምስክር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት ሞሲፕ በተባለውና ሕንድ አገር ባንጋሎር በተጀመረው ክፍት ሶፍትዌር ላይ የቆመ ነው፤ ሞሲፕም በአብዛኛው የተጻፈው በጃቫ ነው። የተመዝጋቢው ስም፣ የልደት ዘመንና ጾታ ይወሰዳል፤ ነገር ግን ሰውየው ሁለት ጊዜ አለመመዝገቡ የሚረጋገጠው በአሥሩ ጣቶች አሻራ፣ በሁለቱ ዐይኖችና በፊቱ ምስል ነው። እዚህ ላይ ሀሽ አያገለግልም። አንድ ጣት ሁለት ጊዜ ሲነሣ ሁለቱ ምስሎች መቼም ቢሆን አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ እጅ ይረጥባል፣ ጣት ያዘነብላል፣ ዕርሻ የሚሠራ እጅ ደግሞ ይሻክራል። በሀሽ ስሌት ጥቂት ልዩነት ሌላ ቁጥር ያስገኛል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው የተለየ መሣሪያ የመመሳሰል ነጥብ ያወጣል፤ ነጥቡ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ጥርጣሬ ይነሣል። ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላ ግን ሀሽ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የፋይዳ ቁጥር ያለው መዝገብ በቁጥሩ ብቻ ሊታወቅ ይችላልና ኢኩዋልስም ሀሽኮድም አንድ መስመር ይሆናሉ። ሌሎቹ መዝገቦች፣ በተለይ አሮጌዎቹ፣ ቁጥሩን እስኪይዙ ድረስ ግን ባለሙያው ከስም ጋር መታገሉ አይቀርም።

የሥራው አካሄድ እንግዲህ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። በመጀመሪያ ጥብቅ የሆነው እኩልነት ይሥራ፤ በፋይዳ ቁጥር ወይም ለየማሳው በተሰጠው ልዩ መለያ ቁጥር፣ እነርሱ ከሌሉ በተቃናው ሙሉ ስምና በቀበሌው፤ ከስሙም አንዱ ክፍል ባዶ ከሆነ ያ መዝገብ በዚህ ደረጃ ከማንም ጋር እኩል አይባል። በዚህ ጊዜም ቢሆን ሀሽሴት የሚያስቀረው መጀመሪያ የገባውን መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛውን በዝምታ ይመልሰዋል። ዲስቲንክት የተባለው የስትሪም ትእዛዝም እንዲሁ ቀዳሚውን ያስቀራል። ቀዳሚው ግን የአሥር ዓመት አሮጌ፣ ተከታዩ የታረመው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መዝገቦቹን ከመጣል ይልቅ በቁልፋቸው በቡድን በቡድን መሰብሰብ ይመረጣል፤ ከየቡድኑ የትኛው እንደሚቀር በቀኑና በምንጩ ይወሰን፤ የወጣውም ከነምክንያቱ በሌላ ፋይል ይቀመጥ።

ከዚህ በኋላ የሚቀሩት ተመሳሳዮች ናቸው፤ «ተ/ማርያም»ና ዘመዶቹ፣ የአያት ስም የጎደላቸው፣ በአንድ ፊደል የሚለያዩ። እነዚህን ፕሮግራሙ አያውጣቸው፤ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይዘርዝራቸው። ለማስተያየት እንዲቻልም ሀሽ እንደ ገና ይጠቅማል፤ ሁሉን ከሁሉ ከማስተያየት አንድ ቀበሌ ወይም አንድ የቦይ መስመር የሚጋሩትን ብቻ በአንድ መሳቢያ ሰብስቦ እዚያው ውስጥ ማስተያየት በቂ ነው። የክልሉ መሬት ሲመዘገብ የተገኘው ውጤት ለሕዝብ ይፋ እየተደረገ አስተያየት ይሰጥበት ነበር፤ የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴም ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ ያውቃል። የጥንዶቹ ዝርዝር መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው፤ በየገጹም ላይ የሁለቱ ስሞች አጻጻፍ እንደ ነበረ፣ የማሳዎቹ አዋሳኞች፣ የባልና ሚስቱ ስሞች በአንድነት፣ በመጨረሻም ኮሚቴው «አንድ ናቸው»፣ «ሁለት ናቸው» ወይም «ገና ይጣራ» ብሎ የሚጽፍባቸው ሦስት ባዶ ሣጥኖች ይኑሩበት። ሦስተኛው ሣጥን እስኪጣራ ድረስ ሁለቱም ገበሬዎች የውኃ ተራቸውን ይዘው ይቆያሉ።